ጠጅ የማታፈስ መኪና

ቡሬ፣ ነሐሴ ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ዓሰብ ላይ ሙቀቱ ላጠቆረህ፣ ናፍቆትህ እኔን ላከሳኝ ልጄ ለክንፈሚካኤል፤

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? በዚያ እሳት አገር እንዴት አድርገው ይዘውሃል? ውሃውን ጠጣ፣ እህሉን ብላ፤ መኪና ስታሽከረክር እንቅልፍህ ከመጣ ደግሞ ዳር ይዘህ ተኛ እንጂ ከጓደኛ አላንስም ብለህ አትታገል። እኛ ተመስገን ደኅና ነን። አባትህ ደኅና ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ጉልበታቸው እንደ ልማዱ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ምንም የላቸውም። እኔም ደኅና ነኝ። የዘንድሮው ዝናብ ግን ጉድ ነው፤ ከፍልሰታ ወዲህ ነጠላ የሚያደርቅ ፀሐይ አላየንም። ይህንንም የማስጽፍህ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነው፤ ብርዱ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

እንደምታውቀው ተናጋሪዋ እኔ ነኝ፣ ጸሐፊው አባትህ ናቸው። ገና ከመጀመራችን ተጣልተናል። መሪጌታነታቸው ተነሥቶባቸው ግማሹን ወረቀት በግዕዝ ሊሞሉት ነበር። «አንቱ፣ ልጁ ሾፌር ነው እንጂ የቅኔ ተማሪ አይደለም፤ እኔ እንዳልሁት ይጻፉ» አልኋቸው። ስቀው እሺ አሉ። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ቃል ሁሉ የኔ ነው። ፊደሉ ካማረህ ግን የሳቸው ነው።

ከሁሉ በፊት ምስጋናዬን ተቀበለኝ። በዚያ በረሃ ላብህን አንጠፍጥፈህ ለእናትህ መኪና! ወይ ጉድ! እኔ የወምበርማ ገበሬ ልጅ፣ ከጭቃ ቤት ወጥቼ ከቡሬ በስተቀር አገር የማላውቀው፣ ልጄ መኪና ገዛልኝ እኮ ነው የምልህ። ገበያ ላይ ሴቱ ሁሉ «የመኪናዋ እናት መጣች» እያለ ያሾፍብኛል። ኮስተር እልና አልፋለሁ፤ ዞር ስል ግን ለብቻዬ እስቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። አንጀቴን አራስኸው።

ደብዳቤህን አባትህ ደጋግመው አንብበውልኛል። ከደብረ ማርቆሱ ነጋዴ ጋር እንደ ጨረስህ፣ ከሁለቱ መኪኖች፣ ከፒክአፗና ከላንድሮቨሩ፣ የወደድነውን እኛው እንድንመርጥና እንድንጽፍልህ፣ ከዚያ አንተ ለነጋዴው በቴሌግራም ቁርጡን እንደምትነግረው ብለሃል። ያንተ ልብ በፒክአፗ እንደሆነም ሳትደብቅ ነግረኸናል። «ወንበሯ እንደ ትንሽ መኪና ነው፣ አካሄዷ ለስላሳ ነው፣ ለእምዬ ወገብ የምትሆነው እሷ ናት» ብለህ ጽፈሃል። ይኸው ምርጫችንን ልነግርህ ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነብ ግን እንዳትቆጣ።

ነጋዴው ሁለቱንም አንድ ላይ ቡሬ አመጣቸው። ያንተን መኪና የሚይዘው የወንድሜ ልጅ ላቀው ነው፤ መንገድ ሥራ ሾፌር ሆኖ የኖረ ሰው መሆኑን ታውቃለህ። ነጋዴው መኪኖቹን «ነድታችሁ እዩአቸው» ብሎ ለላቀው ሰጠውና እሱ ሆቴል ገብቶ ተኛ።

ፒክአፗ ነጭ ናት። ከፊት ብታያት የሹም መኪና ትመስላለች፤ ዕቃ መጫኛዋን የምታየው ከኋላ ስትዞር ነው። ወንበሯ ፍራሽ ነው በለው። ላንድሮቨሩ ደግሞ አረንጓዴ ሣጥን ነው፤ ማዕዘኑ ሁሉ የወጣ፣ አናቱ ላይ ሸራ የጣሉበት፣ ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት። አባትህ ዙሪያቸውን እየዞሩ አዩአቸው። መኪና ጥርስ ቢኖረው ኖሮ አፉን ከፍተው ዕድሜውን ባዩለት ነበር።

አባትህ በዚህ አገር በቅሎ መራጭ እንደሆኑ መቼም አትረሳውም። ካህኑም ባላባቱም በቅሎ ሊገዛ ሲል መሪጌታን ሳያስከትል ገበያ አይወርድም። ብርሌ ሙሉ ጠጅ ይዘው ይቀመጡባታል፣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ያሰግሯታል፣ ጠጁ ካልፈሰሰ «ይችን ግዙ» ይላሉ። ታዲያ መኪናውን በምን ይምረጡት? በዚያው በሚያውቁት ነዋ!

በፒክአፗ ወደ ፍኖተ ሰላም ወጣን። ላቀው መሪው ላይ፣ እኔ መሐል፣ አባትህ በመስኮቱ በኩል፣ ብርሌያቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው። ላቀው ሳቁን እያፈነ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። አባትህ ግን ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ሁሉ ዝም ብለው ጠጁን ያያሉ። ጠብ አላለም ልጄ! ፍኖተ ሰላም ስንገባ «ሰጋር ናት!» አሉና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

እኔስ ምን ሆንሁ መሰለህ? እንቅልፍ ወሰደኝ። ወገቤ ከተሰበረ ወዲህ ተቀምጬ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ትራስ አምጡ፣ አንዴ ትራስ ውሰዱ እያልሁ ሰው የማሰለች ሴት ሆኜ ነበር። ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን ተኛሁ። ስነቃ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አባትህ ደንግጠው «አመመሽ?» ቢሉኝ «አይ፣ ልጄ እኔን ብሎ አስቦ ነው» አልኋቸው። ፒክአፗን እንዲህ ነው የወደድኋት።

በማግሥቱ ላንድሮቨሩን በዚያው መንገድ ሞከርነው። ገና ከቡሬ ሳንወጣ ግማሹ ጠጅ የአባትህን እጀ ጠባብ አጠጣው፤ የቀረው የላቀው ጭን ላይ ተደፋ። እኔም እመቤቴን እየጠራሁ ቶሎ መልሱኝ አልሁ። «ይኼ የጭነት አጋሰስ ነው፣ ሰው አይቀመጥበትም» ብለው አባትህ ፈረዱ። ቤት ገብተው ምርጫችን ፒክአፗ ናት ብለው ሊጽፉልህ ወረቀትና ቀለም አቀረቡ። እኔም ደስ ብሎኝ ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

ነገሩ የተለወጠው ያኔ ነው። ከወንዝ ማዶ የመጣ አንድ የአጥቢያችን ሰው፣ እስከ ወገቡ ጭቃ የሆነ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደጃችን ደረሰ። ሀብትነሽ፣ የገብረሰንበት ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጇን አምጣ አልወለድ ብሏታል። በቃሬዛ ይዘዋት ወጥተዋል። ወንዙን እንደ ምንም ተሻግረዋል፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው መረሬ ጭቃ ግን ጉልበት ድረስ እየዋጠ አላስኬድ አላቸው። ሰዉ ደክሟል፣ ትከሻ የሚቀይር አልቋል። «መኪና መጥቶላችኋል ሲሉ ሰማን፤ ድረሱላቸው» አለን።

ልጄ፣ የአጥቢያችንን ነገር ታውቃለህ። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ታማሚውን ለሐኪም ሳያስረክብ መሬት አያስነካም። ሲደክም ትከሻ ይቀይራል እንጂ አያወርድም። የሚቀይር ከጠፋ ቆሞ ይጠብቃል። አባትዮው ገብረሰንበት ደግሞ ማን እንደሆነ አትረሳም። በዚያ ክረምት ወንዙ ማዶ ካለችው ከማርያም ደጅ ስመለስ አንሸራትቶኝ ወገቤ ሲሰበር፣ የቃሬዛዬን የፊተኛ እንጨት የያዘው እሱ ነበር። ወንዙ መሐል ድንጋይ ከዳውና በጉልበቱ ወደቀ፤ እኔን ግን ከትከሻው አላወረደኝም። በጉልበቱ እየዳኸ ነው ያሻገረኝ። እስከ ዛሬ ያነክሳል። ዛሬ ደግሞ የገዛ ልጁን ተሸክሞ ጭቃ ላይ ቆሟል ሲሉኝ ምን ልሁን?

አባትህ «ሰጋሯን አውጣት!» ብለው ላቀው ላይ ጮኹ። በፒክአፗ ሄድን። ጠጠሩ እስካለ ድረስ አንበሳ ናት። ጠጠሩ አልቆ ሜዳው ላይ ትንሽ እንደ ሄድን ግን ሆዷን መሬት ላይ ጣለች። ጎማዋ ይዞራል፣ እሷ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። አባትህ ወርደው ገፉ፣ ጭቃው ፊታቸው ላይ ተረጨ። መቼም ጥፋቷ አይደለም፤ የተሠራችው ለመንገድ ነው፣ እኛ ያስገባናት መረሬ ውስጥ። ላቀው ጫማውን አውልቆ ወደ ቡሬ ሮጠና ላንድሮቨሩን ይዞ መጣ።

እኔ ልሳፈር ስል አባትህ «አንቺ ተመለሽ!» አሉኝ። «ምጥ የያዛት ሴት ወንድ ብቻ ይክበባት ነው የሚሉኝ?» አልኋቸው። ላቀው ከላይ ጎተተኝ፣ አባትህ ከታች ገፉኝ፤ እንደ ጤፍ ጆንያ ነው የጫኑኝ። እሳቸው በሬ ለምነው ፒክአፗን ሊያስወጡ እዚያው ቀሩ።

አቤት ያ ላንድሮቨር! ላቀው አንድ ሌላ ማርሽ አለው አለና አስገባ፤ አራቱም ጎማ ባንድ ላይ መሬቱን ቧጠጠው። ያጓራል፣ ይንገጫገጫል፣ ይሰምጣል ስትል ብቅ ይላል። ጉድባውን ሲዘል ራሴ ከሸራው ጋር ተጋጨ። ጥርሴን ነክሼ የመኪናውን ብረት ጨብጬ ሄድሁ። ደግሞ እንዳታስብ፣ ወገቤ ምንም አልሆነም።

እዚህ ላይ አባትህ ብዕራቸውን አቁመው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ይጻፉ እንጂ» አልኋቸው። ጻፉ።

ስንደርስ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ዝናቡ ይወርድባቸዋል፣ ጭቃው ጉልበታቸውን ይዟል፣ እነሱ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመዋል። ገብረሰንበት ከፊት ነው። እኔን ሲያየኝ «እመት ወለተ ኢየሱስ፣ አንቺም መጣሽ?» አለና ዕንባው ወረደ። ያን የመሰለ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ቃሬዛውን ስናስገባው ከመኪናው ረዘመ፤ እንጨቶቹ ከኋላ ወጥተው ቀሩ። ላቀው «እንቁረጣቸው» ቢል ገብረሰንበት ተቆጣ። «ሳላስረክብ ማን ይቆርጠዋል?» አለ። እኋላው በር ላይ ተንጠልጥሎ የእንጨቱን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። «ውጣና ተቀመጥ፣ መኪናው ይሸከማታል» ስለው «ልጄ ትከሻዬ ላይ ሆና እንዴት ብዬ ልቀመጥ?» አለኝ። እስከ ቡሬ እንደዚያው እንደ ተንጠለጠለ መጣ። የሀብትነሽ ራስ ጭኔ ላይ ነው። ምጡ ሲመጣ እሷ እጄን ትጨምቃለች፣ እኔ ብረቱን እጨምቃለሁ። «እናቴ፣ እሞታለሁ?» ስትለኝ «ዝም በይ፣ በክንፈሚካኤል መኪና ማንም አይሞትም» አልኋት። ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም፤ ብቻ አልሁት።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ገብረሰንበት እንጨቱን ከትከሻው ያወረደው አዋላጇ ወጥታ «ተረክቤያለሁ አባቴ፣ ልቀቁ» ስትለው ነው። ብዙም ሳይቆይ የልጅ ድምፅ ሰማን። ሴት ልጅ! እናትም ልጅም ደኅና! ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ ላቀው ሳይቀር እልል አለ፣ ሴቶቹ ሳቁበት። እንቁጣጣሽ ስለ ደረሰ አደይ ብለዋታል። ስታለቅስ የአያቷን ቁጣ ነው የያዘችው፤ ደግሞ ቆንጆ ናት።

ገብረሰንበት ከዚያ በኋላ ወጥቶ ላንድሮቨሩ ፊት ቆመ። ጭቃውን በጋቢው ጫፍ ጠረገለት። እንዲህም አለኝ፦ «ለክንፈሚካኤል ጻፊለት። ዛሬ እሱም ከኛ ጋር ተሸክሟል በይው።»

ልጄ፣ ወገቤ በተሰበረ ጊዜ የጻፍህልኝ ቃል አለ። «አገር ሁሉ እናቴን ሲሸከም የኔ ትከሻ አልነበረም» ብለህ። አንድ ቀን መልስ እሰጥሃለሁ እያልሁ ስፈልግ ኖሬ አጣሁ። ይኸው ገብረሰንበት መለሰልህ። ከእንግዲህ እንዲያ እያልህ ራስህን እንዳትወቅስ። እነሱ እኔን ተሸከሙ፣ አንተ ልጃቸውን ተሸከምህ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባትህን መንገድ ላይ አገኘናቸው። በጥንድ በሬ ፒክአፗን ጎትተው አውጥተዋታል፤ እሷም እሳቸውም ጭቃ በጭቃ ናቸው። ስለ ሀብትነሽ ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ተመስገን አሉ። ከዚያ «እኔ በቅሎ ስመርጥ የኖርሁት ለሚቀመጥ ሰው ነው፤ ለሚተኛ ሰው መርጬ አላውቅም» አሉ። ብርሌውንም ቤት ገብተው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። አሳዘኑኝ፤ ደግሞም ሳቄ መጣ።

እንግዲህ ክንፌ፣ ለነጋዴው «ላንድሮቨሩን» ብለህ ቴሌግራም ላክለት። አደራህን፣ እኔን ብለህ እንዳትለውጠው። እንደምትቆጣ አውቃለሁ። «ለእምዬ ብዬ ለፍቼ እምዬ ለሰው ሰጠችው» እንደምትል አውቃለሁ። ግን አስበው ልጄ። ፒክአፗ ላይ የምቀመጥ እኔ ብቻ ነኝ። ወደ ፍኖተ ሰላም ሄጄ እመለሳለሁ፣ ጅጋ ያለችውን እኅቴን እጠይቃለሁ፣ በቃ። ከሽንዲ ማዶ ያለው ሰው ግን ክረምት ሲገባ ከነሕመሙ ተዘግቶበት ነው የሚቀመጠው። በበጋ ላቀው የሰዉን በርበሬ ይጭንበታል፣ እንጀራውም ይወጣል። በክረምት ደግሞ ቃሬዛው ባለበት ይሄዳል። ገብረሰንበት አሁን ጉልበቱ ደክሟል። በሚቀጥለው ክረምት ማን በጉልበቱ እየዳኸ ያሻግራል?

ውሸት ምን ይሠራል፣ ልቤ ትንሽ ይሳሳል። ቁርጡ እስኪደርሰው ነጋዴው ፒክአፗን አሳጥቦ እደጃችን አቁሟታል። ከአልጋዬ ሆኜ በመስኮት አያታለሁ። ነጭ፣ ጽድት ያለች ናት። እንዴት ታምራለች! ለኔ ብለህ የመረጥሃት መሆኗን ሳስብ ግን ብትሄድም የኔው ናት። ያንን የፍኖተ ሰላም እንቅልፍ ደግሞ ማንም አይወስድብኝም። ስለሱም አመሰግንሃለሁ፣ ለብቻው።

በል እንግዲህ አባትህ እጃቸው ዛለ፣ እኔም ነገር አበዛሁ። ጎማህን እሾህ አይንካው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬንህ አይክዳህ፣ በረሃው ውሃ አያሳጣህ። የምትጭነው ይቅለልህ፣ የምታወርድበት ደጅ ሁሉ በፈገግታ ይቀበልህ። በጉልበቱ የተሻገረልኝ ሰው ለኔ የቆመውን ያህል፣ ማርያም ላንተ ትቁምልህ። ለመስቀል ብቅ ካልህ አደይን በእጅህ አስይዝሃለሁ።

ናፋቂህ እናትህ
ወለተ ኢየሱስ

ልናሽገው ስንል ትዝ አለኝ። ዓሰብ ወደብ ላይ ስፖንጅ የሚሉት ፍራሽ ይወርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስትመጣ ወፍራሙን ይዘህልኝ ና። ላንድሮቨሩ ውስጥ ለታማሚ የሚነጠፍ ነው። ለኔ አይደለም።

ልጄ ሆይ፣ ይህ የኔ የአባትህ ቃል ነው። እናትህ አሁን እንቅልፍ ወስዷታል፤ ላንድሮቨሩ ካንገጫገጫት ቀን ወዲህ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ስፖንጁ ሁለት ይሁን። አንዱን በላንድሮቨሩ የፊተኛው ወንበር ልክ አስቆርጠው።